72 ሰዓት ቀድሞ የማይነግር ስብራት፦ የራሎክሲፈን ማስጠንቀቂያ ከቢቸናና ከሞጣ አንጻር ሲመዘን

የአጥንት መሳሳት የአጥንት ጥግግት እየቀነሰ፣ ውስጣዊ ቅንብሩም እየላላ ሄዶ አጥንት በቀላል ምክንያት እንዲሰበር የሚያደርግ በሽታ ነው። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የኤስትሮጅን መጠን ስለሚያሽቆለቁል ጉዳቱ በሴቶች ላይ ይበረታል። በሽታው ለዓመታት ያለ ምልክት ተደብቆ ይቆይና የአከርካሪ አጥንት ሲደቅ፣ የእጅ አንጓ ወይም ዳሌ ሲሰበር ይገለጣል። ለዚህ በሽታ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ራሎክሲፈን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1997 እ.ኤ.አ. ለመከላከያ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሕክምና እንዲውል ፈቅዶታል። በቀን አንድ ጊዜ 60 ሚሊግራም ይዋጣል፤ ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ሊወሰድ ይችላል። አወሳሰዱ ቀላል ነው፤ ከባዱ ጉዳይ ደም በደም መላሽ ሥሮች ውስጥ የመርጋቱን ዕድል ከፍ ማድረጉ ነው።

ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠው መግለጫ ይህን አደጋ አልሸሸገም። አሁንም ሆነ ቀደም ሲል በእግር፣ በሳንባ ወይም በዓይን ሬቲና የደም ሥር ውስጥ ደም የረጋባት ሴት መድኃኒቱን እንዳትወስድ ይከለክላል። አደጋው ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት መሆኑን ያስታውቃል። ከቀዶ ሕክምና ወይም ለረዥም ጊዜ ከአልጋ ላይ ከመዋል ቢያንስ 72 ሰዓት አስቀድሞ እንዲቋረጥ፣ ታካሚዋ ሙሉ በሙሉ መንቀሳቀስ ስትጀምር ብቻ እንዲቀጥል፣ በረዥም ጉዞም በየጊዜው እግሯን እንድታፍታታ ያዛል። እነዚህ ትእዛዞች ከሕክምና ዕውቀት አንጻር የሚነቀፉ አይደሉም። ነገር ግን የአንድ ትእዛዝ ዋጋ ታዛዡ ሊፈጽመው በመቻሉም ይመዘናል። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና ወይም በሞጣ ዙሪያ ለምትኖር አንዲት ባልቴት ይህ መግለጫ ምን ያህል ጥበቃ ይሰጣታል? ጥያቄው ይህ ነው።

የአደጋው መጠን

ጤና ባለሙያ ታካሚን ሳያስፈራራም ሳያዘናጋም ለመምከር በመጀመሪያ ቁጥሮቹን በልካቸው ማወቅ ይኖርበታል። በነሐሴ 1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመውና ሞር በሚል ምኅፃረ ቃል የሚታወቀው ጥናት በ25 አገሮች የሚገኙ፣ የአጥንት መሳሳት ያለባቸው 7,705 ሴቶችን ለሦስት ዓመታት ተከታትሏል። ቀደም ሲል የአከርካሪ ስብራት በነበረባቸው ሴቶች ዘንድ አዲስ የአከርካሪ ስብራት የደረሰባቸው፣ ማስመሰያ መድኃኒት ከወሰዱት መካከል 21.2 በመቶ፣ ራሎክሲፈን 60 ሚሊግራም ከወሰዱት መካከል ደግሞ 14.7 በመቶ ነበሩ። ስብራት ባልነበረባቸው ዘንድ ቁጥሩ ከ4.5 ወደ 2.3 በመቶ ወርዷል። ይህ ግልጽ ጥቅም ነው። በአንጻሩ ዳሌን ጨምሮ ከአከርካሪ ውጭ ባሉት አጥንቶች ላይ ትርጉም ያለው ቅነሳ አልታየም። በደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ደም የመርጋት ዕድል ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ ከፍ ብሏል።

በሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. የታተመው ሩት የተባለው ጥናት 10,101 ሴቶችን አካትቷል። እነዚህ ሴቶች የተመረጡት በአጥንታቸው መሳሳት ሳይሆን የልብ ደም ሥር በሽታ ስላለባቸው ወይም ለዚያ በሽታ የሚያጋልጡ በርካታ ምክንያቶች ስለነበሯቸው ነው። ከአምስት ዓመት ተኩል ያላነሰ አማካይ ክትትል ከተደረገ በኋላ የደም መርጋት አደጋ በ44 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። በቁጥር ሲተመን 1,000 ሴቶች መድኃኒቱን ለአንድ ዓመት ቢወስዱ 1.2 ያህል ተጨማሪ የደም መርጋት ይከሰታል ማለት ነው። በተመሳሳይ ስሌት የሚቀነሰው በሕመም የተገለጠ የአከርካሪ ስብራት 1.3 ነበር። ለሞት የሚያበቃ ስትሮክም በ1,000 ሴቶች በዓመት 0.7 ያህል ጨምሯል።

የሁለቱ ጥናቶች ንጽጽር ለሐኪሙ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። አከርካሪዋ አስቀድሞ የተሰበረ ሴት ከመድኃኒቱ የምታገኘው ጥቅም ከጉዳቱ በብዙ ይልቃል። የስብራት ስጋቷ ዝቅተኛ የሆነ ሴት ግን ጥቅሙና ጉዳቱ ተቀራርበው ይጠብቋታል። ስለዚህ «አጥንት ያጠነክራል» ተብሎ ለማንኛዋም አረጋዊት የሚሰጥ መድኃኒት ሊሆን አይገባም። ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። በሩት ጥናት ቀድሞ ደም የረጋባቸው ሴቶች አልተካተቱም። የተገኘው ቁጥር ተጠይቀውና ተጣርተው የገቡ ሴቶች ቁጥር ነው። ጥያቄው ሳይጠየቅ መድኃኒቱ በሚሰጥበት ቦታ አደጋው በዚያ ልክ ይቆማል ብሎ ማመን አይቻልም።

የ72 ሰዓቱ ትእዛዝ ማንን ያስባል?

ራሎክሲፈን በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። ሦስት ቀን ሲያልፍ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ይቀራል። የ72 ሰዓቱ ትእዛዝም ከዚህ አንጻር ትርጉም አለው። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው አልጋ ላይ የሚዋልበት ቀን አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘላት፣ ከሐኪሟ ጋር በስልክ የምትነጋገር፣ መድኃኒቱን ሰኞ አቁማ ሐሙስ ሆስፒታል የምትገባ ሴት ትእዛዙን ትፈጽማለች።

በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ገጠር አንዲት አረጋዊት የምትተኛው በአብዛኛው በቀጠሮ አይደለም። ውሃ ተሸክማ ስትመለስ በጭቃ ያንሸራትታታል፤ እንጨት ስትለቅም ትወድቃለች፤ ሌሊት ደጅ ስትወጣ ደፍ ይጠልፋታል። ዳሌዋ የተሰበረበት ሰዓትና መተኛት የጀመረችበት ሰዓት አንድ ነው። በዚያች ዕለት ጠዋት የዋጠችው ኪኒን በደሟ ውስጥ አለ። መግለጫው የሚጠይቀው የሦስት ቀን ቅድሚያ በዚህ ሁኔታ ሊገኝ አይችልም።

የመግለጫው ትልቁ ክፍተት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አረጋዊትን ከሁሉ ይበልጥ አልጋ ላይ የሚያውለው የዳሌ ስብራት ነው። ራሎክሲፈን ደግሞ የዳሌን ስብራት እንደሚቀንስ አልተረጋገጠም። በመሆኑም መድኃኒቱ ዋናውን የመተኛት ምክንያት ሳይከላከል፣ መተኛት የሚያስከትለውን የደም መርጋት ያባብሳል። ቀዶ ሕክምና በቶሎ በሚገኝበትና ታካሚ በማግስቱ ቆማ እንድትራመድ በሚደረግበት አገር ይህ ጉድለት በሌላ አገልግሎት ይካካሳል። የተሰበረ ዳሌ ለሳምንታት በቤት ውስጥ በሚታሰርበት ቦታ ግን የሚያካክሰው ነገር የለም።

መድኃኒቱ ወደ እነዚህ ከተሞች ሊገባ የሚችልበት መንገድም ችግሩን ያወሳስበዋል። በአዲስ አበባ የታዘዘላት እናት ኪኒኑን ይዛ ወደ አገሯ ትመለሳለች፤ ወይም በውጭ አገር የሚኖር ልጅ በሰው እጅ ይልክላታል። ያዘዘው ሐኪም ሩቅ ነው፤ መግለጫው በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ በአቅራቢያዋ ያለው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ምን እንደምትወስድ ላያውቅ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት፣ ማለትም ክትትል ይበልጥ በሚያስፈልግበት ጊዜ፣ ብቻዋን ትቀራለች። መመለሻ ጉዞዋም ራሱ የዚሁ አደጋ አካል ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ፣ ከደጀን በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ በተጨናነቀ አውቶቡስ ጉልበትን አጥፎ ለረዥም ሰዓት መቀመጥን ይጠይቃል። በአውሮፕላን መተላለፊያ ላይ ወዲያ ወዲህ በሚል ተጓዥ አምሳል የተጻፈው ምክር «መኪናው ሲቆም ሁሉ ይውረዱ፤ በመቀመጫዎም ላይ ሆነው ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ» ተብሎ መተርጎም አለበት።

እግር ያበጠ ሁሉ አንድ አይደለም

መግለጫው ታካሚዋ እግሯ ሲያብጥ ወይም ሲያማት ለሐኪም እንድትናገር ይመክራል። በጎጃም ይህ ምልክት ያለ ማብራሪያ ከተተወ ሊያሳስት ይችላል። ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም የፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ የእግር ዝሆኔ የሚባለው በሽታ፣ በስፋት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች መካከል ናቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ በሁለቱ ዞኖች የተካሄደ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ነዋሪዎች 3.3 በመቶ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አመልክቷል። በባዶ እግር በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ሲኬድ የሚመጣ በመሆኑ ያበጠ እግር ለአካባቢው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ታካሚዋም፣ ቤተሰቧም፣ አንዳንዴም ጤና ባለሙያው አዲሱን እብጠት ከነባሩ ጋር ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል።

ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ዓይንና የመለኪያ ጥብጣብ ነው። ፖዶኮኒዮሲስ ከእግር ጣቶችና ከመርገጫ ጀምሮ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ መጠኑ ቢለያይም በአብዛኛው ሁለቱንም እግሮች ይይዛል፤ ቆዳውም ይወፍራል፣ ይሸካክራል። የደም መርጋት በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ፣ በአብዛኛው በአንድ እግር ላይ ይመጣል፤ ባቱ ይወጠራል፣ ይሞቃል፣ ሲነካ ያማል፤ እብጠቱ እስከ ጭን ሊደርስም ይችላል። ከጉልበት በታች ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሁለቱም እግሮች ዙሪያ ይለካል። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ነባር ዝሆኔ ያለባት ሴት መድኃኒቱን ስትጀምር የሁለቱም እግሮቿ ልኬት ተመዝግቦ ቢቀመጥ፣ በኋላ የሚመጣውን ለውጥ ከቀድሞው ለመለየት ያስችላል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ ወይም ራስን መሳት ከታየ ደግሞ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ድንገት የአንድ ዓይን ብርሃን መቀነስም በዚሁ ረድፍ ይታያል።

ወጌሻን ያላካተተ ምክር

በመድኃኒቱ መግለጫ ውስጥ ስሙ የማይገኝ፣ በሥራው ግን ወሳኝ የሆነ ሰው ወጌሻ ነው። አጥንት ሲሰበር ብዙ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚጠራው እርሱን ነው። በእንጨት ወይም በቀርከሃ አጥብቆ የሚያስረው እግር እንደ ጄሶ ሁሉ እንቅስቃሴን ይገታል፤ የጠበቀ እስራትም የደም ዝውውርን ያውካል። ያበጠውን ባት በቅቤ ማሸት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በባቱ ውስጥ ደም ረግቶ ከሆነ በመታሸት ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና።

ወጌሻን ማውገዝ የሚያስገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። ሕዝቡ ስለሚያምነው መሄዱን አይተውም፤ የተወገዘ ወጌሻ ደግሞ ታካሚ ወደ ጤና ጣቢያ አይልክም። የሚያዋጣው ሁለት ነገር እንዲያውቅ ማድረግ ነው። አንደኛ፣ ከማሰሩ በፊት «የሚውጡት ኪኒን አለ ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ፤ ሁለተኛ፣ በድንገት ያበጠና የሞቀ ባት እንዳያሽ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎች ወጌሻውንም አረጋዊቷንም በስም ስለሚያውቁ ይህን መልእክት ለማድረስ ከማንም ይቀርባሉ።

የሌሎች መድኃኒቶች ምርጫ

የደም መርጋትን ስጋት የሚያነሣው ራሎክሲፈን ብቻ አይደለም። የኤስትሮጅንና የፕሮጀስቲን ጥምር ሕክምና የደም መርጋትን ወደ ሁለት እጥፍ እንደሚያሳድግ በ16,608 ሴቶች ላይ ተካሂዶ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካ ጥናት አሳይቷል። በአውሮፓ በ2004 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ስትሮንሺየም ራኔሌት በ2012 እ.ኤ.አ. ደም ለረጋባቸውና ለጊዜውም ሆነ ለዘለቄታው ለማይንቀሳቀሱ ታካሚዎች ተከለከለ፤ በኋላም አምራቹ ከገበያ አወጣው። የዚህ መድኃኒት ታሪክ የሚያስገነዝበው፣ መንቀሳቀስ የተሳናት ታካሚ ራሷ በማስጠንቀቂያው መሐል መቀመጥ እንዳለባት ነው።

አሌንድሮኔትና መሰሎቹ የደም መርጋትን እንደሚያባብሱ አልታየም፤ አሌንድሮኔት የዳሌንም ስብራት ይቀንሳል። ስለዚህ መውደቅና መተኛት ለሚያሰጋት የቢቸና ወይም የሞጣ አረጋዊት አብዛኛውን ጊዜ የተሻለው ምርጫ እርሱ ነው። ሆኖም አሌንድሮኔትም የራሱ ፈተና አለው። በባዶ ሆድ፣ በሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ተውጦ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ቀጥ ብሎ መቀመጥ ወይም መቆም ያስፈልጋል፤ አለዚያ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል። አከርካሪዋ ደቅቆ ቀጥ ብላ መቀመጥ የማትችል፣ የመዋጥ ችግር ያለባት ወይም ኩላሊቷ በጣም የደከመ ሴት ልትወስደው አትችልም።

በጎጃም ገጠር ደግሞ የጾም ጉዳይ ይነሣል። ቆብ የጫኑ እማሆይ በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ይቆያሉ፤ ኪኒኑን በደረቁ ይውጡታል ወይም ይተዉታል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰደው 70 ሚሊግራም ለዚህ መፍትሔ ይሰጣል። ከቅዳም ሥዑር በቀር ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይጾምበት ቀን በመሆኑ ለዚህ ሊመረጥ ይችላል። በረመዳን ለምትጾም ሙስሊም ታካሚም ከሱሑር ምግብ ግማሽ ሰዓት አስቀድማ እንድትወስድ ይነገራታል። ራሎክሲፈን የምትወስድ ጿሚም ብትሆን የሰውነት ውሃ ማነስ ደምን ለመርጋት ስለሚያመቻች በተፈቀደላት ሰዓት በቂ ውሃ እንድትጠጣ መምከር ተገቢ ነው።

የትኛውም መድኃኒት ቢመረጥ መሠረቱ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ዶክተር የወይንሐረግ ፈለቀና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያውያን ደም ውስጥ የተገኘው የቫይታሚን ዲ መጠን ከኖርዌያውያኑ ያነሰ ነበር። የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር እጥረቱ አይኖርም የሚለው ግምት ያኔውኑ ጥያቄ ውስጥ ገብቷል።

መግለጫው እንዴት ይሟላ?

ራሎክሲፈን ቦታ የሌለው መድኃኒት አይደለም። በእግሯ የምትንቀሳቀስ፣ የአከርካሪ ስብራት የሚያሰጋት፣ ደም ረግቶባት የማያውቅ፣ በተለይም የጡት ካንሰር ስጋት ያለባት ሴት ትጠቀምበታለች። ይህንኑ ካንሰር ለመከላከልም በመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲፈቀድ የደም መርጋቱና የስትሮኩ ማስጠንቀቂያ በጥቁር ሣጥን ተከብቦ እንዲታተም ተደርጓል። ወሳኙ ነገር ጥንቃቄው ከ72 ሰዓት በፊት ሳይሆን ከመጀመሪያው ኪኒን በፊት እንዲጀምር ማድረግ ነው።

መድኃኒቱን የሚያዝዝም ሆነ ታካሚዋን በአቅራቢያ የሚያገኝ ባለሙያ የሚከተሉትን ሊጠይቅ ይገባል። «እናቴ፣ ከዚህ ቀደም አንድ እግርዎ በድንገት አብጦ ያውቃል? በወሊድ ወይም በአራስነት ጊዜስ? ትንፋሽ አጥሮዎት ተኝተው ያውቃሉ? በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ ወደቁ? በቅርቡ ረዥም መንገድ ይሄዳሉ?» የካንሰር ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት፣ የደም ግፊት ወይም ያለፈ ስትሮክ መኖሩም ይመረመራል። በተደጋጋሚ የምትወድቅ ሴት ሌላ መድኃኒት ይመረጥላት። አስፒሪን ጨምሮ መስጠት ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ቀጥሎ በአማርኛ የተጻፈ አጭር ካርድ ይሰጣት። በካርዱ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ የተጀመረበት ቀን፣ የእግሮቿ ልኬት፣ እንዲሁም «ከወደቁ፣ ከተሰበሩ ወይም ከአልጋ መነሣት ካቃትዎት ይህን ኪኒን በዚያው ቀን ያቁሙ፤ ለጤና ባለሙያ ያሳዩ» የሚል ቃል ይስፈር። አብሯት የሚኖረው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ካርዱን አንብቦ እንዲያውቀው ይደረግ። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ቢያንስ በየወሩ እግሯ ይታይ። የደም መርጋት ከተጠረጠረ መድኃኒቱ ወዲያው ይቁም፤ እግሩ አይታሽ፤ ታካሚዋም የአልትራሳውንድ ምርመራና የደም ማቅጠኛ ሕክምና ወደሚገኝበት ሆስፒታል ሳይዘገይ ትላክ። ጉዳቱም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት ይደረግ። ከወረዳ የማይላክ ሪፖርት እንዳልደረሰ ጉዳት ይቆጠራልና።

የራሎክሲፈን ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ቀኑን አስቀድማ ለምታውቅ ታካሚ ነው። በቢቸናና በሞጣ ያለችው ታካሚ ቀኑን አታውቅም፤ ስለዚህ በእርሷ ፈንታ አስቀድሞ ማሰብ የሚጠበቅበት ጤና ባለሙያው ነው።